«በሞቴ» የተባለበት ዳቦ

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወልድያ ላይ ለመምህራን የአመጋገብ ሥልጠና ተዘጋጅቶ ነበር። እኔም ከመርሳ በሚኒባስ ሄድኩ። የአዳራሹ መስኮቶች ገና መስታወት አልገባላቸውም፤ የተወጠረባቸው ላስቲክ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንጣጣል። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ንግግሩ ለዛ አለው። «ጤናማ ምግብ መምረጥ የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው» አለን። ነጭ ዱቄት ቀንሱ፣ ስኳር ቀንሱ፣ ያልተፈተገ እህል ብሉ አለን። እውነቱን ነው። ከዚያ የሻይ ሰዓት ደረሰና የቀረበልን ምን መሰላችሁ? ከዳቦ ቤት የመጣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ።

ሳየው ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት አንዱን ዳቦ ቆርሳ ወደ አፌ ዘረጋችና «በሞቴ» አለች። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሆዷን ቁርጠት ያዛት ብለው ይሆናል። የያዘኝ ግን ንዴት ነው፤ ዛሬም አለቀቀኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኛ ቤት የገባው ጅብ የሚወስደውን ወስዶ ከሄደ ቆይቷል።

አባቴ የመርሳ ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና፣ የወረዳውን ሕዝብ ግማሹን አልብሷል ብል ብዙም አላጋነንኩም። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱፍ፣ የሼኹ ጀለቢያ፣ የቄሱ ቀሚስ፣ ሁሉም በእሱ እጅ አልፏል። ከግራናና ከሐራ ሳይቀር ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና አስፋልቱን ሳልሻገር የመኪናዋን ድምፅ እሰማለሁ፤ አባቴ ሥራ ላይ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ በቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ስኳር በሽታ የያዘው ከጦርነቱ በፊት ነው። በየጊዜው ወልድያ እየሄደ ኪኒኑን ያመጣል። እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ ብቻውን ከሄደ ሐኪሙ ያለውን ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎት ይመጣልና። ሐኪሙ «ምግብ መምረጥ አለብዎት» ሲለው፣ «እኔ ምርጫ የማውቀው ካርድ ይዤ የምሰለፍበትን ነው፤ የዳቦም ምርጫ አለ እንዴ?» ብሎ አሳቀው። ሐኪሙ ሳቀና ተመልሶ ኮስተር አለ። «አባት፣ እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልብስ ሰፊ መሆኑን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። «ይህ በሽታ ካልተያዘ እግር ይወስዳል። ትንሽ ቁስል ትወጣለች፣ አትሰማዎትም፣ አትድንም። እግርዎን ከፈለጉ አፍዎን ይያዙ» አለው።

ሹፌሩን ሳይቀር ሲያስቅ የሚውለው አባቴ በመልሱ መንገድ መርሳ እስክንደርስ እግሩን ሲያይ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ዳቦ ሆነ። ዳቦ ያልኩት አባቴ እንጀራውን ቢቀንሱበት ብዙ የማይከፋው፣ ዳቦ ከቀረበት ግን ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፍ ሰው ስለሆነ ነው። ዳቦ መድፋት ያስተማሩኝ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሙስሊም እኛ ክርስቲያን ነን፤ ከሥጋ በቀር የማንካፈለው ነገር አልነበረም። እናቴ የሞተች ጊዜ የለቅሶውን ዳቦ የደፉት እሳቸው፣ ከዚያ በኋላም እጄን ይዘው ሊጡ ሲደርስ በጣት ተጭኖ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የኮባው ቅጠል በየት በኩል እንደሚነጠፍ፣ ከላይ ምጣድ ተደፍቶ ፍም ሲቆለልበት ስንቱን እሳት ከታች እንደሚቀንሱ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ድፎ በመርሳ የታወቀ ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ድንብላል። ሲቆረስ ውስጡ ጥጥ ነው። ሠርግ ያለበት ሰው በመጀመሪያ እሳቸውን ነው የሚለምነው።

የእኔ ዳቦ የዚያ ተቃራኒ መሆን ነበረበት። ያልተነፋ ስንዴ፣ ገብስ፣ ከቆላችን ደግሞ ዘንጋዳ። የመጀመሪያው ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛው ሲቆረስ ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። በኋላ ከዘንጋዳው ዱቄት ጥቂቱን በፈላ ውኃ አገንፍቼ፣ ሲበርድ ከሊጡ ጋር ባሸው እንደሚይዝልኝ አገኘሁት፤ አብሽም ጣል አደረግኩበት። የወጣው ዳቦ ጥቁር ነው፣ ይከብዳል፣ ትንሽ ይመራል። አባቴ በእጁ መዘን መዘን አድርጎ «ይህን ይዘን ብንዘምት ጥይት አያስፈልገንም» አለ። ያኔ በእንዲህ ያለ ነገር ይሳቃል። በጎመንና በሽምብራ እየተሳደበ በላው፤ ስኳሩም እየወረደ መጣ። ሐኪሙ በሚቀጥለው ጊዜ እግሩን አይቶ «እንዲህ ነው!» አለው። እኔ ያን ቀን ከወልድያ እስከ መርሳ ደስ እንዳለኝ ነው የመጣሁት።

እትዬ ግን ዳቦዬን አንስተው ገላመጡት። «እህ! ልጄ፣ ለአባትሽ እንዲህ ያለ ዳቦ? ሰው ቢያይ ቸገራቸው አይልም?»

«ለጤናው ነው፣ እትዬ።»

«ጤና በጥቁር ዳቦ? አብሽሪ አቦ! የታመመ ሰው አንጀቱ የሚርሰው በነጭ ነው።»

ሳቅሁ። ምን አውቄ!

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ እንደ ሰዉ ሁሉ ሸሸን። ያገኘነውን ጠቅልለን ወደ ግራና በኩል በእግር ሄድን። አባቴ የተጫማው የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ካልሲ አድርግ ብለው ጊዜ የለም አለኝ። እዚያ ዘመድ ቤት ትንሽ ከረምን፤ ቤቱ ሞልቷል፣ እህሉ አልቋል፣ ተኩሱም እዚያው ደረሰ። ሞት ካልቀረ በቤታችን ብሎ ተመለሰ፣ እኔም ተከተልኩት። መርሳ በታጣቂዎች እጅ ነበረች። ቤታችን ተበርብሮ ነበር፤ የስፌት መኪናዋን ግን ከሱቁ አውጥተው ደጅ ላይ ጥለዋት እንጂ አልወሰዷትም። አባቴ አቅፎ አስገባት። እግሩን ሳጥብለት ተረከዙ ላይ ጫማው የላጠው ቦታ አየሁ። የምስር ፍሬ ታህላለች።

«ያምሃል?» አልኩት።

«ምኑ?» አለኝ።

አልሰማውም። ሐኪሙ ያለው ቃል በሙሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

መድኃኒት ቤቶቹ በራቸው ተገንጥሎ መደርደሪያቸው ባዶ ነበር። ወልድያም ያው ነው፣ ወደ ደሴም መንገዱ ዝግ ነው። ኪኒኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ በእኔና በአባቴ እግር መካከል የቀረው ያ የሚጠላው ጥቁር ዳቦ ብቻ ሆነ። ቁስሉን በጨው ውኃ አጥባለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስራለሁ፣ ጨርቁ ከሱቁ የተረፈ ፖፕሊን ነው። የቀረው በአፉ የሚገባው ነገር ነው። መብራት ስለጠፋ ወፍጮ ቤቱ ቆሟል። ከአንድ አሮጊት የድንጋይ ወፍጮ ተውሼ ጓሮ አስቀመጥኩና መፍጨት ጀመርኩ። በሕይወቴ ፈጭቼ አላውቅም። መዳፌ ተላጠ፣ ጉልበቴ አበጠ፣ ወገቤ ደነዘዘ። ዘንጋዳ በድንጋይ ስትፈጩ ከግማሽ ቀን በኋላ የምታገኙት እፍኝ ሁለት እፍኝ ነው። ግድ የለም አልኩ። እግሩ ይዳን እንጂ።

ታዲያ እኔ ጓሮ ተንበርክኬ ስፈጭ በፊት በር ምን ይገባ ነበር?

ጠያቂ። የመርሳ ሰው ልብስ ሰፊው ታመመ ሲባል ሰምቶ ቁጭ ይላል? ተኩስ ረገብ ባለ ቁጥር በየጓሮው እየተሹለከለከ ይመጣል። ባዶ እጅ ደግሞ አይመጣም፤ በሽተኛን ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነው። ጥቁር ነገር ይዞ መምጣት ደግሞ ከባዶ እጅ ይብሳል። ስለዚህ ራሱ በንፍሮ የሚያድር ሰው ከየት እንደቆፈረው የማይታወቅ ፉርኖ ዱቄት ጋግሮ ይመጣል። የደበቃትን ስኳር በሻይ በጥብጦ ይመጣል። መኪና ቆሞ የሚጭነው ስለጠፋ ዛፉ ሥር የሚበሰብሰውን ብርቱካን ጨምቆ ይመጣል። ይዞ መጥቶም አስቀምጦ አይሄድም። በሽተኛው ዓይኑ እያየ ካልቀመሰለት አይረካም። ቆርሶ ወደ አፉ ይዘረጋና «በሞቴ!» ይላል።

በሞቴ። በደጉ ቀን ይህ ቃል ጨዋታ ነው። አንዱ በሞቴ ይላል፣ ሌላው በሞትህማ አትበለኝ ይላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገፋፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። አባቴ በዚህ ጨዋታ የሚችለው አልነበረም፤ ከሐኪሙ ቃል በኋላ ስንቱን ድግስ ሳይቀምስ በሳቅ በሳቅ አምልጧል። አሁን ግን ሰው በእውነት ይሞታል። ጠዋት በሞቴ ያለህ ሰው ከሰዓት ላይኖር ይችላል። አባቴ ከጠያቂ እጅ መብላቱን ያወቅሁት ቁስሉ ከምስርነት ወደ ባቄላነት ሲያድግ፣ አባቴ ውኃ ውኃ ሲል፣ ጓሮና ቤት ሲመላለስ አይቼ፣ ምንጣፉን ሳራግፍ ነጭ ፍርፋሪ ባገኘሁ ጊዜ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት ፍርፋሪውን በመዳፌ ይዤ።

ፊቱን አዞረ። «ሰው መጥቶ ነበር።»

«በላህ?»

«በሞቴ አለኛ።»

«እና ቢልህስ? እምቢ ብትል ምን ትሆናለህ?»

«በዚህ ቀን» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚህ ቀን በሞቴ ያለን ሰው እምቢ ብዬው ማታ ቢሞትስ? አፌ ነው የገደለው አልልም?»

አገሩ በሙሉ እርስ በርሱ ሲገዳደል የእኔ አባት በቁራሽ ዳቦ ሰው እንዳይገድል ይጠነቀቃል!

ከዚያ በኋላ በሩ ላይ እኔ ቆምኩ። ወፍጮውን ጎትቼ ከፊት ለፊት በር አጠገብ አስቀመጥኩት። የመጣውን ሁሉ መለስኩ። «ተኝቷል» ስል ነበር መጀመሪያ፤ በኋላ ውሸቱም ሰለቸኝ። «ዳቦዎን ይዘው ይመለሱ። እግሩን እየበላችሁት ነው» ማለት ጀመርኩ። አንዱ ሽማግሌ ዳቦውን በነጠላቸው እንደጠቀለሉ ደጅ ላይ ቆመው አለቀሱ። አላዘንኩላቸውም። ያን ጊዜ የቀረኝ ሐዘን ሁሉ ለአንድ ተረከዝ ነበር። ወዲያው መንደሩ «ጠያቂ አባረረች፣ አባቷን አሰረች፣ እህሉን ለብቻዋ ልትበላ ነው» አለ። ይበል! በሰው አፍ ስኳር አይወርድም።

እትዬ ያን ሰሞን ሲመጡ ነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘው ነበር። ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰ። ጥቁር አዝሙድ።

«እትዬ፣ አይግቡ» አልኳቸው።

«እኔን ነው?»

«እርስዎንም ነው። አንዲት ቁራሽ ነጭ ዳቦ እዚህ ቤት አትገባም።»

«ያረቢ! ልጄ፣ እኔ እኮ አስተማሪሽ ነኝ። ዳቦ ካንቺ ልማር?»

«ዳቦውን ያውቃሉ፣ በሽታውን አያውቁም። ይገድሉታል!»

«እኔ? እኔ ነኝ ገዳዩ?» አሉ። ዞረው ሄዱ። ሲሄዱ ጀርባቸው ጎበጥ ብሎ አየሁት፤ አልጠራኋቸውም። ዛሬም ቢሆን ያን ያልኩትን እደግመዋለሁ።

አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ነበር። ማታ «ቤቴን ዘጋሽብኝ» አለኝ። «ብሞት ማን ይቀብረኛል? አንቺ ትቆፍሪያለሽ?»

«አትሞትም። አፍህን ከያዝክ አትሞትም። ቆመህ መኪናህን ትረግጣለህ።»

«ሰው ደጄን ካልረገጠ እኔ መኪና ረግጬ ለማን ልሰፋ?»

ዳቦዬን አቀረብኩለት። በላ። እያኮረፈ ግን በላ። ለጥቂት ቀናት ጥማቱ ቀነሰ፤ የቁስሉ ዳር ዳር ቀላ ብሎ ሥጋ ያበቀለ መሰለኝ። ጸሎት ላይ ቆሜ «እባክህ ይህችን ተረከዝ ብቻ» አልኩ። አገር ሰላም አድርግ ማለት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፈጭቼ ደክሞኝ ቀና ስል አባቴ አልጋው ላይ የለም። በጓሮ በኩል ወጥቷል። ሄድኩ። ከእትዬ ጋር በምንጋራው አጥር፣ ቁልቋሉ ሳሳ ባለበት ቦታ፣ በቆሰለው እግሩ ቆሟል። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ እጅ ብቻ ይታየኛል። እጁ ነጭ ዳቦ ይዟል። አባቴ ከእጃቸው ይጎርሳል።

«በሞቴ፣ ይችን ብቻ፣ ጋሼ» ይላሉ እትዬ። «ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩት ዱቄት እኮ ነው። እሱ የት እንደወደቀ አላህ ይወቅ። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። ለማን ላስቀምጠው? እሱን የማጎርስ እየመሰለኝ ነው። በሞቴ።»

የልጃቸውን የሠርግ ሱፍ የሚሰፋው አባቴ ነበር። ሱፉ እጅጌው ሳይገጠም ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጁ መንገዱ ሲዘጋ ከአጥሩ ወዲያኛው ወገን፣ ማለቴ ከጦር ግንባሩ ማዶ፣ ቀርቶ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁም ሄጄ ዳቦውን ከእትዬ እጅ ነጠቅሁና በአጥሩ ላይ መልሼ ወረወርኩት። እህል መወርወር ኃጢአት ነው፤ በዚያ በርሃብ ቀን ደግሞ እጥፍ ኃጢአት ነው። ወረወርኩት።

አባቴ አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠና «ምን አድርግ ትይኛለሽ?» አለ። «ልጃቸው የለ። እኔ እምቢ ብል እጃቸው ወዴት ይሂድ?»

«እግርህስ?»

«እግሬ የራሴ ነው» አለና እያነከሰ ገባ።

ሰው እንዲህ ይባላል? እጄ ላይ የተላጠ ቆዳ እያየ፣ እግሬ የራሴ ነው! እኔ የፈጨሁት ለማን ኖሯል? እዚያው ቁልቋሉ ሥር ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። መንገዱን የዘጉትን ረገምኩ፣ መድኃኒት ቤቱን የሰበሩትን ረገምኩ፣ በሬዲዮ የሚፎክሩትን ከዚህም ከዚያም ረገምኩ። ኪኒኑ ቢኖር ኖሮ እኮ አንዲት ጉርሻ ጉርሻ ናት፤ ሰው ከሰው እጅ ጎርሶ እግሩን አያጣም። ደግነቱን ወደ መርዝ የለወጡት እነዚያ ናቸው። እትዬን ግን ከርግማኑ ውስጥ ማውጣት አልቻልኩም። አባቴንም ጭምር።

ታጣቂዎቹ ለቀው በወጡ ጊዜ የአባቴ እግር ጠቁሮ ይሸት ነበር። ወልድያ አደረስነው። ያ እግሩን ጎንበስ ብሎ ያየው ሐኪም የለም፤ የት እንደሄደ የሚያውቅም የለም። አልጋው፣ መሣሪያው፣ የመስኮቱ መጋረጃ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። የተረፈች አንዲት ነርስ ጨርቁን ፈታ አየችና «ከዚህ ወዲያ ውሰዱት፣ ዛሬውኑ» አለች። ወደ ሩቅ ከተማ ወሰድነው። እዚያ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። መኪናዋን የሚረግጥበትን።

መርሳ ስንመለስ ግቢያችን ሰው ሞልቶ ጠበቀን። እኔ ያባረርኳቸው ሁሉ አሉ። ያለቀሱት ሽማግሌም አሉ። ቂም የሚባል ነገር አልታየባቸውም፤ እሱ ራሱ አናደደኝ። እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት እያሉ አቅፈው አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዕቃው መግባት ጀመረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ መንገዱ ተከፍቶ ዱቄት ገብቷል፣ ስኳር ገብቷል። ድፎ በትሪ፣ ድፎ በሰፌድ፣ ለስላሳ በሳጥን። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ጣፋጭ። እግሩ ተቆርጦ ገና ፋሻው ሳይፈታ፣ ያንኑ ዳቦ! በመጨረሻ እትዬ ገቡ። ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ስልክ ደውሎላቸዋል፤ ፊታቸው በርቷል። የእሳቸው ድፎ ከሁሉም ይበልጣል። አባቴ ጭን ላይ አስቀመጡትና ቢላ ሰጡት።

«ባርከው ይቁረሱልን፣ ጋሼ። ልጄም ተገኘ፣ እርስዎም ተረፉ። መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ። በሞቴ።»

አፌን ልከፍት ነበር። አባቴ ዓይኑን ወደ እኔ ጣል አደረገና ቢላውን ዳቦው ላይ አጋደመው።

«እኔም አንድ ነገር ልበላችሁ» አለ። «በሞቴ። ከዛሬ ጀምሮ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ይዛችሁ ይህን ቤት አትርገጡ። ልትጠይቁኝ የመጣችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ። ባዶ እጅ የሚያሳፍረው ጎመን ይዞ ይምጣ። ይህንን ሁሉ ለልጆቻችሁ ቁረሱት። እኔ አልቀምስም። በሞቴ ብያለሁ።»

እትዬ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። የተቆረጠውን እግር አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ እኔን ግን አላዩኝም። «በሞትዎማ ካሉኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በሞትዎማ ካሉኝ እንዴት እምቢ እላለሁ» ብለው ዳቦውን ከጭኑ ላይ አነሱ። ሌላውም የየራሱን አነሳ። አንድም የተከራከረ የለም። አንድም! እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያን ሁሉ ጊዜ ስጮህ፣ ስሳደብ፣ ስለምን ያልሰማ ሰው በአንዲት ቃል ዳቦውን ይዞ ወጣ።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ የእኔን ዳቦ አመጣሁለት። ቆረሰ፣ አላመጠ። «ጨው ረስተሻል» አለኝ። ጥጉ ላይ የስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍና ቆማለች፤ ከበላይዋ ያ እጅጌ የሌለው ሱፍ።

አልቻልኩም። «አባዬ» አልኩት፣ «ዛሬ ያልከውን ያን ጊዜ አጥሩ ሥር ቆመህ ብትል ምን ነበር? ሁለት እግር እያለህ?»

ማላመጡን ተወና አየኝ።

«ያን ጊዜ እግር ነበረኝ» አለ። «ማን ይሰማኝ ነበር?»

የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩና ወደ ደጅ ወጣሁ። ወፍጮዋ አሁንም በሩ አጠገብ ናት፤ ለባለቤቷ አልመለስኳትም። መብራት መጥቶ ከገበያው በኩል የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ይሰማል። የሰፈሩ ሰው ነጭ ዳቦውን እንደታቀፈ በየደጁ ሲገባ ቆሜ አየሁ።